ካቻቢቴው በር ላይ የቀረበት ቀን

ወንድሜ ከፍያለው ጄኔሬተር ሲመረምር መሣሪያው አንድ ካቻቢቴ ነው። እጀታው ቢጫ፣ ጫፉ ተበልቶ ያለቀ፤ ብሎን የሚፈታበት ዘመን ካለፈ ቆይቷል። ጫፉን ሞተሩ ላይ ይተክላል፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ይደግፋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። ደንበኛው ልጁን ሐኪም ፊት እንዳቀረበ አባት እጁን ያፍተለትላል። ከፍያለው ዓይኑን ይገልጥና "ሁለተኛው ኖዝል ነው" ይላል። ተፈትቶ ሲታይ ሁለተኛው ኖዝል ነው።

ጁባ ከገባ አሥራ ስድስት ዓመት ሆነው፤ እኔ ከአራት ዓመት በኋላ ተከተልኩት። ሙኑኪ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። እሱ ጄኔሬተር ይጠግናል፣ እኔ የአንድ እርዳታ ድርጅት ስቶር ኪፐር ነኝ። ሚስቱ ዘነበወርቅ አዳማ ናት። ማታ ማታ መብራት ሲሄድ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሰፈሩ በየተራ ሞተሩን ሲያስነሳ እንሰማ ነበር። እኔ የምሰማው ጩኸት ነው። እሱ የሚሰማው ሰው ነው። "ይኼ ዳቦ ቤቱ ነው። ይኼ ፋርማሲው፤ ዘይት ጠምቶታል" ይለኛል። አንድ ማታ እልህ ይዞኝ ተነሣሁና ፋርማሲው ድረስ ሄጄ ጠየቅሁ። የዘይቱን መለኪያ መዘው በባትሪ አሳዩኝ፤ ጫፉ ደረቅ ነው። ስመለስ ወንድሜ ከወንበሩ አልተነሣም። "እሺ፣ አጠጡት?" አለኝ።

እንግዲህ የዚህን ሰው ጆሮ ነው እግዚአብሔር የነካው።

መቼ እንደጀመረ አላውቅም። የማውቀው ካቻቢቴውን ነው። ድሮ እጀታው የጆሮው ቀዳዳ ላይ ነበር የሚያርፈው። አምና ከጆሮው በስተኋላ ወዳለው አጥንት ተሻገረ። ዘንድሮ ደግሞ ጥርሱ መሐል ገባ፤ እጀታውን ነክሶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ግንባሩን ቋጥሮ ይቆማል። ደንበኛ ይኼን አያይም። እኔ ግን ዕድሜዬን ስቶር ውስጥ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ቦታውን የለወጠ ነገር ዓይኔን ይወጋኛል።

ሌላም ሌላም አለ። ቦዳ ቦዳ የሚሉት የሞተር ሳይክል ታክሲ ከኋላው ሲመጣ አይሸሽም፤ ስለዚህ መኪና ከፊት የሚመጣበትን ዳር መርጦ መሄድ ጀመረ። ስልክ ሲጠራ ያየውና ኪሱ ይከተዋል፣ ቆይቶ በጽሑፍ ይመልሳል። ዘነበወርቅ እኔ ጋ ደውላ "ወንድምሽ ድምፁን ነፈገኝ" አለችኝ። አንድ ቀን ጨከንኩና፣

"ጋሼ፣ ጆሮህን ለምን አትታይም?" አልኩት።

"ጆሮዬ ምን ሆነ? አንቺ ነሽ ድምፅሽን የቀነስሽው" አለኝ። ከዚያ ወዲያ አላነሣሁበትም። ሰው የሚኖርበት ቤት ጣራው እንደሚያፈስ ይነገረዋል፤ ቤቱ የለም ተብሎ ግን አይነገረውም።

ከዚያ ያ እሑድ መጣ።

የኅብረታችን አዳራሽ ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ ዝናብ ከጣለ ስብከቱ ከጣራው ጋር ይታገላል። የዚያን ቀን እየዘነበ ነበር። ወንድሜ አስተናጋጅ ስለሆነ እንደ ልማዱ በር ላይ ቆሟል። ፓስተር ጢሞቴዎስ ማስታወቂያ ሲናገር አንድ ልማድ አለው፤ በጨረሰ ቁጥር ቀኝ እጁን ያነሣል፣ ሕዝቡ አሜን ይላል። ጸሎት ማክሰኞ ነው፣ እጅ፣ አሜን። እህት መቅደላዊት ወንድ ልጅ ተገላግላለች፣ እጅ፣ አሜን። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የወንድም ተሾመ እናት አዲስ አበባ ዐርፈው ወደ ጌታ እንደሄዱ፣ ተሾመም ለቀብር መድረስ እንዳልቻለ ተናገረ። ቆመን እንድንጸልይም እጁን አነሣ።

"አሜን። ክብር ለስሙ ይሁን" አለ ወንድሜ ከበሩ። በትልቅ ድምፅ፣ ብቻውን።

ዝናቡ ብቻ ቀረ። ተሾመ ከፊት ወንበር ዞሮ አየው። ተሾመን የማያውቅ ካለ፣ ከድልድዩ ማዶ ሸሪካት ያለው የማዋለጃ ክሊኒክ ኃላፊ ነው። አባቱን አያውቅም፤ ያሳደጉት እኚያው እናት ናቸው። ያን ፊቱን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ወንድሜ ግን ፈገግ ብሎ ቆሟል፤ ፈገግታውን ከፊቱ ለማውረድ እንኳ ብዙ ጊዜ ወሰደበት።

ሽማግሌዎች አስቀርተው ጠየቁት። ስለ ሰው ሞት እንዴት ክብር ለስሙ ትላለህ አሉት። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። መውጫው ከፊቱ ተከፍቶ ነበር፤ አልሰማሁም ማለት ብቻ። ወንድሜ ግን አንዱን ሽማግሌ አፍ አፉን ሲያይ ቆየና፣

"በጌታ ያመነ ሰው ሲሄድ ደስታ ነው፤ ቃሉ ነው" አለ።

ከተሾመ ጋር እስኪታረቅ ከማስተናገድ አገልግሎት አሳረፉት። ያን ቀን ምሳ አልበላም። እኔም ነገሩ አልገባኝም፤ ጆሮው እንደደከመ እያወቅሁ እንኳ ያን ያህል ይሆናል አላልኩም። ወንድሜ ጨካኝ መባልን መረጠ፤ ለምን እንደመረጠው የገባኝ በኋላ ነው።

ተሾመ ሰላምታውን ነሣው። ሥራውን ግን አልነሣውም። የክሊኒኩ ጄኔሬተር በየስድስት ወሩ ይመረመራል፤ መርማሪው ሞተሩ ጤነኛ ነው ብሎ ወረቀት ላይ ይፈርማል። በዚያ ፊርማ ተማምነው ነው አዋላጆቹ ማታ ሴት የሚቀበሉት። ሸሪካት ውስጥ ከካርቱም ጦርነቱን ሸሽቶ የመጣ ያህያ የሚባል ጥሩ መካኒክ አለ፤ ወንድሜ "እጁ ደህና ነው፣ ጆሮው ግን ገና ነው" እያለ ያሾፍበታል። ሰዎች ተሾመን ለምን ያህያን አትጠራም ሲሉት፣

"ሰውየውን አልወደውም፤ ጆሮው ግን ጆሮ ነው" አለ።

ይኼን ለወንድሜ ስነግረው (በስልክ ጽፌ ነው የነገርኩት፤ ለምን እንደሆነ ሁለታችንም ሳናነሣ እንዲያ መነጋገር ከጀመርን ቆይተናል) ደጋግሞ አነበበው። ደስ አለው። ደስታው አስፈራኝ፤ የቀጣዩ ምርመራ ቀን ቀርቦ ነበርና።

አሁን ስምኦን ይግባ። ስምኦን ሲገባ ጎንበስ ብሎ ነው፤ ቁመቱ የበራችንን ጉበን ይመታል። የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ ግን ጋምቤላ አድጎ፣ አዲስ አበባ ተምሮ፣ ወደማያውቀው አገሩ በሃያ ሁለት ዓመቱ የተመለሰ። አማርኛው ከእኔ ይበልጣል፤ ሲቀልድ ዓይኔን ብጨፍን መርካቶ ያለሁ ይመስለኛል። በኮምፒዩተር ሙዚቃ ይሠራል፤ መሣሪያ አይጫወትም፤ ከከተማው ድምፅ እየቀዳ ይገጣጥመዋል። አንድ ፀጉራም ማይክ ይዞ የወንድሜ ጋራዥ መጣና ጄኔሬተሮቹን ልቅዳ አለ።

"ቀድተህ ምን ታደርገዋለህ?" አለው ወንድሜ።

"ሙዚቃ ነዋ፣ ጋሽ ከፍያለው።"

"ጄኔሬተሩን?"

"የፈረስ ጭራ ከዘፈነ ጄኔሬተርን ማን ይከለክለዋል?"

ወንድሜ ይኼን መልስ ወደደው። ይኼ አምና ነው፤ ከደንበኛ ደንበኛ ይዞት ዞረ፤ ዳቦ ቤት፣ ፋርማሲ፣ ሸሪካት ክሊኒክ ድረስ። ያኔ ጆሮው ገና በከፊል ይሰማ ነበር። ስምኦን ሞተሩን ሲቀዳ ወንድሜ ከጎኑ ሆኖ ያስረዳዋል፤ ድምፁም አብሮ ይቀዳል።

በቅርቡ ደግሞ ስምኦን ላፕቶፑን ይዞ መጣና ትልቁን የጆሮ ማዳመጫ ወንድሜ ራስ ላይ አጠለቀለት። ወንድሜ ዓይኑን ጨፈነ። ራሱን ነቀነቀ። ማዳመጫውን አውልቆ "ውብ ነው፤ በተለይ መጨረሻው" አለው። ስምኦን አመስግኖ ወጣ። በር ላይ እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ።

"እትዬ ማኔ።"

"ምነው?"

"ገና አልከፈትኩትም ነበር እኮ።"

"አውቃለሁ" አልኩት። አላውቅም ነበር። ድካም ነው እንጂ መጥፋት አይመስለኝም ነበር። ቁጭ ብዬ ቀሚሴን አስተካከልኩ፤ የሚስተካከል ነገር አልነበረውም።

ስምኦን ዝግጅቱ ቅዳሜ በአሥር ሰዓት ቡሉክ ሰፈር አንድ ናይት ክለብ ውስጥ እንደሆነ ነገረኝ። ናይት ክለብ በአሥር ሰዓት ከቀትር በኋላ፤ ጁባ ነዋ፣ ሰው ሳይመሽ ቤቱ መግባት ይፈልጋል። ጋሽ ከፍያለው ካልመጡ አልጀምርም አለ። ምርመራው ደግሞ ሰኞ ነው። ቅዳሜና ሰኞ እንዲህ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

የእኛ ኅብረት ሰው ዘፈን ቤት አይሄድም። እኔ በሕይወቴ ረግጬ አላውቅም። ወንድሜ እንቢ ይላል ብዬ ስጠብቅ ቅዳሜ ከሰዓት የእሑድ ሱፉን ለብሶ ክራቫቱን አሥሮ ወጣ።

"ጋሼ፣ ሽማግሌዎቹ ቢሰሙስ?" ብዬ ጻፍኩለት።

"ዘፈን አይደለም፣ ጄኔሬተር ነው" አለኝ። "ጄኔሬተር የተከለከለበትን ጥቅስ ያሳዩኝ።"

መጽሐፍ ቅዱሴን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ራክሻ የሚሉትን ባጃጅ ተሳፈርን።

በር ላይ የምትፈትሽ ራንያ የምትባል ልጅ አለች፤ ስሟ ደረቷ ላይ ተጽፏል። መጽሐፍ ቅዱሴን ገለጥ ገለጥ አድርጋ መለሰችልኝ። የወንድሜን ኮት ስትዳብስ ከውስጥ ኪሱ ካቻቢቴው ወጣ። የእሑድ ሱፍ ውስጥ፤ አዎ። ቤተ ክርስቲያንም ይዞት ነው የሚሄደው።

"ዴ ሹኑ?" አለች፣ ይኼ ምንድን ነው ማለቷ ነው።

"ሥራዬ ነው" አለ ወንድሜ በጁባ አረብኛው። ያልሰማውን ከዓይኗ አንብቦ ነው።

"ያ ሀጅ፣ ልትደንስ ነው የመጣኸው ወይስ ልትፈታን?" አለች፤ ሀጅ የሚሉት ዕድሜው የገፋን ሰው ሁሉ ነው። ወረፋው ሳቀ። ስለት ያለው ነገር አይገባም፤ ሕግ ነው። ወንድሜ ተከራከረ፣ ጫፉን በአውራ ጣቱ አሻሽቶ ስለት እንደሌለው አሳያት። አልሆነም። በመጨረሻ በሁለት እጁ አቀበላት። ሃያ አራት ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን ሰጠችው። እዚያ በር ላይ ባዶ ኪሱን እየዳበሰ ሲቆም፣ ስንት ዓመት አብሬው ስኖር ያላየሁትን ሰው አየሁ፤ ሽማግሌ ሆኗል።

ውስጥ በጥቁር መጋረጃ ቀኑን አጨልመውታል። ሰዉ ብዙ ነው፤ ተማሪዎች፣ የድርጅት ልጆች፣ ሹሩባቸው እስከ ወገባቸው የደረሰ ቆነጃጅት። ከኅብረታችን ሁለት ወጣቶች አየሁ። እነሱም አዩኝ። ዓይናችንን በአንድ ጊዜ መሬት ላይ ጣልን፤ እንዲያ ተግባባን። ወንድሜን ጥግ ላይ አስቀምጬ ሁለት የማንጎ ጁስ አዘዝኩ።

ስምኦን ብቻውን ወጣ። ዘፋኝ የለም፣ ከበሮ የለም፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ላፕቶፕ፣ ቁልፍ ብቻ የሆነ አንድ ሳጥን። በዓይኑ ፈለገና አገኘን። ከዚያ የመጀመሪያው ድምፅ መጣ፤ አልነሣ ያለ ሞተር ነው። ኽር ኽር ኽር፣ ዝም። ኽር ኽር ኽር፣ ዝም። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ፤ ጁባ ውስጥ ይኼን ድምፅ የማያውቅ ማን አለ። በአራተኛው ሞተሩ ተነሣ፣ ከሥሩም የሚጎርፍ ከባድ ምት ወረደ። ወለሉ ከእግሬ ሥር ተንቀሳቀሰ። እኔ አምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ትከሻዬ ግን ዕድሜዬን አልጠየቀኝም። ጌታ ያውቃል፣ ያን ያህል ደስ የሚል ነገር መሆኑን አልጠበቅሁም። በየቤቱ በየማታው የሚያበሳጨን ጩኸት ሁሉ ሲሰለፍ ያምራል ለካ።

ወንድሜ እንደ ድንጋይ ተቀምጧል። ፊቱ የሚጠብቅ ሰው ፊት ነው። ኋላ ዓይኑ ብርጭቆው ላይ ወደቀ። ጁሱ በምቱ ልክ ክብ ክብ እየሠራ ይንቀጠቀጣል። አየው፣ አየውና ተነሣ። በሰዉ መሐል ሰንጥቆ ቁመቱ ሰው የሚያክለው ስፒከር ጋ ደረሰ፤ መዳፉን ለጠፈበት። ቆየት ብሎ ደረቱንም አስጠጋ። የሚጨፍሩት ልጆች ገለል አሉለት፤ ሱፍና ክራቫት የለበሰ ሰው ስፒከር አቅፎ ያዩት ያን ቀን ይመስለኛል።

ተከትዬው ሄድኩ። ዞሮ በጥቅሻ ጠራኝ።

"ዳቦ ቤቱ ነው" አለኝ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል ሰማሁት፤ እንዲያ ነው የሚጮኸው። ጆሮዬን ቀሰርኩ። ዳቦ ቤቱ ነው።

ድምፁ ተለወጠ። መዳፉን ትንሽ ዝቅ አደረገ። "ፋርማሲው። አሁን ዘይት ጠጥቷል።"

ከዚያ ዘገምተኛ፣ ከባድ፣ እንደ አዛውንት የሚተነፍስ ሞተር መጣ። ወንድሜ ዓይኑን ጨፈነ። "የተሾመ" አለ። "የሸሪካቱ።"

ሦስቱንም አልሳተም። ጆሮውን እግዚአብሔር በመዳፉ መለሰለት ብዬ አመሰገንኩ። ሰኞም ይፈርማል፣ ማንም ሳያውቅ ያልፋል፣ እኔም እፎይ እላለሁ አልኩ። እውነቱን ለመናገር እኔም ከእሱ ጋር መደበቅ ጀምሬ ነበር።

ድንገት ሁሉ ቆመ። ምቱ፣ ሞተሩ፣ ሁሉ። በጸጥታው ውስጥ አንድ የሰው ድምፅ ከየስፒከሩ ወጣ፤ ረጋ ያለ፣ ሻካራ፣ በአማርኛ።

"ስማ። ብረት አይዋሽም። የሚዋሸው ሰሚው ነው።"

የወንድሜ ድምፅ ነው። አምና ለስምኦን ሲያስረዳው የተቀዳ። አንዴ አለው፣ ሁለቴ አለው። ቀጥሎ ስምኦን የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ይዞ ይደጋግማት ጀመር፤ ስማ፣ ስማ፣ ስማ። አብዛኛው ሰው አማርኛ አይችልም። ቢሆንም ቃሏን አነሧት፤ ያ ሁሉ ሕዝብ እጁን እያነሣ ስማ፣ ስማ ይላል።

ወንድሜ መዳፉ ስፒከሩ ላይ እንደተለጠፈ ነው። ፈገግታው ፊቱ ላይ ቆሟል። ያ የእሑዱ ፈገግታ ነበር። መዳፉን አነሣና መልሶ ለጠፈው። ቦታ ቀየረ። ወደ እኔ ዞረ።

"ጠፋ እንዴ?" አለኝ። "ጄኔሬተሩ ጠፋ?"

እጁ ወደ ኮቱ ኪስ ሄደ፣ ወደ ካቻቢቴው። የለም። ዙሪያውን አየ። ሁሉም ሰው እጁን አንሥቷል፣ ሁሉም ሰው አፉን አንድ ዓይነት ከፍቶ ይዘጋል። አንድ ነገር ለማለት ከንፈሩ ሲከፈት አየሁት፤ ምን ሊል እንደነበር ዛሬ አውቃለሁ። ከዚያ ፊቴን አየና ተወው። እያለቀስኩ ነበር።

ስልኬን አወጣሁ። "ጋሼ፣ ያንተ ድምፅ ነው" ብዬ ጻፍኩ። መነጽሩን ከደረት ኪሱ አውጥቶ አደረገ። ስልኩን ራቅ አድርጎ አነበበ። ከዚያ ከዓመት ወዲህ ሰምቼው በማላውቀው ዝግ ያለ ድምፅ፣

"ምን ይላል?" አለኝ።

ያቺን ጥያቄ ነው ያን ሁሉ ጊዜ ሲሸሻት የኖረው። ሽማግሌዎች ፊት አላነሣትም፣ ለሚስቱም አላነሣትም። ቃል በቃል ጻፍኩለት። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ሁለት ጊዜ አነበበው። ስልኩን መልሶ እጄ ላይ አስቀመጠ፣ መነጽሩን አጠፈ፣ ወደ ስፒከሩ ዞረ። ምቱ ሲመለስ መዳፉን ለጠፈ። እስከ መጨረሻው እንደዚያ ቆመ። ሞተር መለየቱን ግን ተወ።

ስንወጣ ገና ፀሐይ አልገባችም። ወንድሜ በሩን አልፎ ሄደ። ራንያ ናት ከኋላ የጠራችው፣ "ያ ሀጅ" እያለች፤ አልሰማትም። ካርቶኑን ከኪሱ አውጥቼ ካቻቢቴውን ተቀበልኩለት። ራክሻው ውስጥ ስሰጠው ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

"ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ?"

"ካቻቢቴው ጥርስህ ላይ ከወጣ ጀምሮ" ብዬ ጻፍኩ።

ፈገግ አለ። "ጥርስ ደህና ነበር። አሁን እሱም ዝም አለ።" ትንሽ እንደሄድን ደግሞ፣ "ያን እሑድ፣ እጁን አነሣ። እጅ ሲነሣ አሜን ነው። ምን እንደተባለ ያወቅሁት ሽማግሌዎቹ ፊት ነው፤ ሞት የምትለዋን ቃል ከአፋቸው ሳነብ። ያኔ አልሰማሁም ብል፣ ማግስቱን ማን ሞተሩን ያሳየኛል?"

ቡሉክን ለቀን ሙኑኪ እስክንገባ ክንዱን ይዤ ሄድኩ።

ሰኞ ፈቃድ ወስጄ ድልድዩን አብሬው ተሻገርኩ። ተሾመ ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ይዞ ጄኔሬተሩ ቤት ይጠብቀናል። ሞተሩ ይሠራል። ተሾመ እኔን ሰላም አለኝ፤ ከወንድሜ ጋር እንደ ልማዱ ወደ ሞተሩ እያየ ነው የሚነጋገረው።

ወንድሜ ካቻቢቴውን አወጣ። ጫፉን ሞተሩ ላይ ተከለ። ተሾመ እስክሪብቶውን ከፈተ። ወንድሜ ግን ራሱን አላጎነበሰም፤ ቢጫውን እጀታ ወደ እኔ አዞረው።

"ያዢ" አለኝ።

ጆሮዬን አስደገፍኩ። መጀመሪያ ጩኸት ብቻ ነው፤ የጩኸት ባሕር። ዓይኔን ጨፈንኩ። ቆየሁና ከባሕሩ ሥር አንድ ትንሽ ነገር ሰማሁ፤ ሰው በሌሊት በር በአንድ ጣት ሲያንኳኳ ይመስላል። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ይደክማል፣ ደግሞ ይመጣል።

ዓይኔን ስገልጥ ወንድሜ ፊቴን እያየ ነው። ተሾመም ያየናል።

"ምን ይላል?" አለኝ። እዚያው፣ ተሾመ ፊት።

ስልክ አላወጣሁም። ክንዱን ያዝኩና የሰማሁትን በጣቴ አንኳኳሁበት፣ ልክ በልኩ። ዓይኑን ጨፈነ። ሁለት ጊዜ አስደገመኝ።

"የታችኛው ብሮንዚን ነው፤ ዋናውን ዘንግ የሚይዘው። ተበልቷል" አለ። "ዛሬ አጥፉት። ካልሆነ አንዱን ማታ ሴቶቹ ላይ ይሰበራል።" ከዚያ ወደ ተሾመ ዞረ። "እኔ አልፈርምም። አልሰማም፣ ተሾመ። ዓመት ሆነኝ። ያህያን ጥራው፤ ጆሮው ጆሮ ነው።"

ተሾመ እስክሪብቶውን ክፍቱን እንደያዘ ቆመ። አንድ ነገር አለ። ወንድሜ ወደ እኔ ተመለከተ።

"ያን እሑድስ ነው የሚለው?" ሲል ገመተ።

በአዎንታ ነቀነቅሁለትና ለተሾመ ቀኝ እጄን እንደ ፓስተር ጢሞቴዎስ ወደ ላይ አነሣሁ። ተሾመ እጄን አየ፣ ወንድሜን አየ። ሲገባው ፊቱ ላይ አየሁት፤ አምስት ወር ሙሉ ተቋጥሮ የነበረ ነገር ተፈታ። ዞር አለና በዝግታ፣ ወደ ሞተሩ፣ "እናቴም በመጨረሻ አትሰማም ነበር" አለ።

"ምን አለ?" አለ ወንድሜ።

ለመናገር አፌን ስከፍት ተሾመ በእጁ አስቆመኝ። ወደ ወንድሜ ቀረበ፣ ትከሻውን ያዘ፣ ፊት ለፊቱ ሆኖ ከሞተሩ በላይ ጮኸ። ለእናቱ በስልክ ይጮኽ የነበረው ድምፅ መሆን አለበት፤ ልምድ ያለው ጩኸት ነበር።

"እናቴም አትሰማም ነበር። ሳወራት እንዲህ እየጮኽኩ ነበር የማወራት። እንዲህ።"

ወንድሜ ከከንፈሩ ሰማው። ተሾመ እጁን ዘርግቶ ሞተሩን አጠፋው። ቀን ስለሆነ ሶላሩ ይበቃቸዋል። ቤቱ በአንዴ ጸጥ አለ፤ ወንድሜ ግን ጸጥታውን አላወቀውም። እንደ ልማዱ በትልቁ፣ ግቢው ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣

"እግዚአብሔር ያጽናናህ" አለው።

ከማዋለጃው መስኮት ሁለት አስታማሚዎች ብቅ አሉ። ተሾመ የወንድሜን ትከሻ አልለቀቀም። ከንፈሩ እንዲታይ ቀስ አድርጎ፣

"አሜን" አለ።